ቡሎኑ ወጥቶ ቧንቧ ቢገባስ?

(መግቢያ ሙዚቃ። ሙዚቃው ዝቅ ሲል ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል፤ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ጸጥታ።)



አሁን የሰማችሁት ብረት ሲቀጠቀጥ ነው። አንጥረኛ ቤት ግን አልሄድንም። እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ ሜካኒክ ከአሮጌ አይሱዙ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ አልፈታ ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን በመሮና በመዶሻ ሲለማመጠው ነው። ቡሎኑ እንቢ ማለት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ባለፈው ዘይት ሲቀየር ያጠበቀው ሰው፣ እንዳይፈታ ብሎ ከቁልፉ ጭራ ላይ ቱቦ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ የተንጠለጠለበት ዕለት ነው።

ሹፌሩ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ይለምናል። «ወንድም ዓለም፣ የዛሬን ብቻ ፍታልኝ እንጂ ዳግመኛ የማንም እጅ አይነካውም።»

ከመኪናው ሥር መልስ መጣ። «ሳይነካ ዘይት ልትቀይር ነው እንዴ አያ?»

ተሳሳቁ። እኔ ግን የዛሬውን ዝግጅት ያገኘሁት ከዚህች ቀልድ ነው። ቡሎኑን ሳይነኩ ዘይት መቀየር ይቻላልና። ቡሎኑ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ በቦታው እንደ ሮቶ ቧንቧ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ማፍሰሻ ይገባል። ሊቃውንቱ ቫልቭ ይሉታል። ሜካኒኮቻችን የሞተሩ ቫልቮላ እንዳይመስላቸው እኔ ዛሬ ቧንቧ ብዬ እቀጥላለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

መኪና የሌላችሁም ታዳምጡኛላችሁና ከሥሩ ልነሳ። ከሞተሩ ሆድ በታች፣ ዘይቱ የሞተሩን ብረቶች አለስልሶ ሲመለስ የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ሳህን አለ። ጋራዥ ውስጥ ኮፓ ይባላል። ከኮፓው ግርጌ አንዲት ቀዳዳ፣ ቀዳዳዋን የሚደፍን ቡሎን፣ በቡሎኑና በኮፓው መካከል ደግሞ ቀለበት የመሰለች ስስ ሮንዴላ አለች። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፦ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ ቃላቱ ከጋራዥ አልወጡም። ሮንዴላዋ ከመዳብ ወይም ከአሉሚኒየም የምትሠራው በዋዛ አይደለም። ለስላሳ ብረት ስለሆነች ቡሎኑ ሲጠብቅ ትጨፈለቃለች፤ ተጨፍልቃም ክፍተቱን ትሞላለች። ዘይት የሚያቆመው የሰው ጉልበት ሳይሆን የእሷ መጨፍለቅ ነው። አንዴ የተጨፈለቀች ሮንዴላ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አትጨፈለቅም። ስለዚህ ያንጠባጥባል። ሲያንጠባጥብ ሰውየው ሮንዴላ በመቀየር ፈንታ ቱቦ ያመጣል።

ቱቦው ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። ለብዙ የቤት መኪኖች የዚህ ቡሎን ማጥበቂያ ልክ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። በሰው አማርኛ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ቁልፍ ጫፍ በ20 ኪሎ ክብደት ያህል መጫን ማለት ነው። አሁን ቁልፉን በቱቦ እስከ አንድ ሜትር እናስረዝመውና 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይንጠልጠልበት። ወደ 600 ኒውተን ሜትር ደረሰ። ከሚገባው 15 እጥፍ! ቡሎኑ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ስለሆነ ሊችለው ይሞክራል። ኮፓው ግን በብዙ መኪና አሉሚኒየም ነው። የሚሸነፈው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ የኮፓው ጥርስ ይላጣል።

ጥርስ ሲላጥ በዓይኔ ያየሁት ገና ረዳት ሳለሁ ነው። ሙያ ያስያዘኝ አለቃ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተመራቂ ነበር። ያ ትምህርት ቤት በሶቭየት ኅብረት ርዳታ በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ነው። አለቃዬ ማጥበቅን እንዲህ ብሎ ያስተምር ነበር፦ «አንተ ልጅ፣ በጣትህ ጀምር፣ በአንጓህ ቀጥል፣ በክርንህ ጨርስ። ትከሻህን ለጆንያ ተወው።» እኔ አንድ ቀን ትከሻዬን ተጠቀምኩ። ቡሎኑ እየከበደ፣ እየከበደ መጣና ድንገት ቀለለ። ያንን መቅለል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሆድን ባዶ ያደርጋል። መልሼ ሳወጣው በቡሎኑ ጥርሶች መካከል እንደ ብር ክር የሚያብለጨልጭ ጥቅልል ተጠምጥሞበት ነበር። የኮፓው ጥርስ ነው፤ ተላጦ ወጥቷል። አለቃዬ ክሩን በጥፍሩ አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረና መልሶ በመዳፌ ላይ አስቀመጠው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያ መኪና እንዴት እንደ ሄደ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ቡሎኑ ላይ ከፌስታል የተቀደደ ላስቲክ ጠመጠምን፣ ማጣበቂያ ቀባን፣ ሹፌሩም በየከተማው እየወረደ ከሥር እያየ ተጓዘ። ደኅናው መፍትሔ ሌላ ነበር። ቀዳዳውን በቶርኖ ቤት አስፍቶ አዲስ የብረት ጥርስ ማልበስ ነው፤ ወይም ኮፓውን መቀየር። ኮፓ ደግሞ ከኛ ገበያ አይገኝም። ደብረ ታቦር ትጠይቃለህ፣ ባሕር ዳር ትደውላለህ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያውቀው ሰው ያለው ሰው ትፈልጋለህ። መኪናው በዚህ ሁሉ ቀን ቆሞ ይበላል።

እንግዲህ ቧንቧው ለምን ይጠቅማል ብትሉኝ መልሴ ከብዙ ሻጮች ይለያል። ሻጭ «ፈጣን ነው፣ እጅ አያቆሽሽም» ይላል። እውነት ነው፤ ግን እሱ ለኔ ትርፍ ነገር ነው። በቀን 200 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ሚኒባስ 5000 ኪሎ ሜትር የሚሞላው በ25 ቀን ነው። በ5000 ዘይት የሚቀይር ከሆነ ቡሎኑ በዓመት ከ12 ጊዜ በላይ ይፈታል፣ ከ12 ጊዜ በላይ ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ ጊዜ በሌላ እጅ፣ በሌላ ስሜት፣ አንዳንዴም በቱቦ። ቧንቧ የገባለት ኮፓ ጥርሱ የሚነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮፓ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የምንቆጥበው ደቂቃ ሳይሆን ጥርስ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሠራሩን በዓይነ ሕሊናችሁ ተከተሉኝ። ከነሐስ የተሠራ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዕቃ ነው። አንዱ ጫፉ እንደ ቡሎኑ ጥርስ አለው፤ ወደ ኮፓው ይገባል። ሆዱ ውስጥ መሐሏ የተበሳ ትንሽ ኳስ ተቀምጣለች። ከጎን አንዲት እጀታ አለች። እጀታዋን ሩብ ዙር ስታዞሩ የኳሷ ቀዳዳ ከመውጫው ጋር ይገጥማል፤ ዘይት ይወርዳል። መልሳችሁ ስታዞሩ የኳሷ ደንዳና ጎን ይመጣል፤ ይዘጋል። እጀታዋ እንዲሁ አትዞርም፤ በስፕሪንግ ተይዛ ጎድጎድ ባለ ቦታ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ማንሳት፣ ከዚያ ማዞር ያስፈልጋል። በንዝረት ብቻ እንዳትከፈት የተደረገ ነው። ፉሞቶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ይህን ዓይነቱን ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ጀርመኖች ስታልቡስ የሚሉት ሌላ ዓይነት አላቸው። እሱ እጀታ የለውም፤ ክዳኑን በእጅ ፈትታችሁ ጫፍ ያለው ቱቦ ስታስገቡበት ቱቦው ራሱ ውስጡን ገፍቶ ይከፍተዋል። ከኮፓው ሥር እምብዛም አይወጣም፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ያመረታት ሞዴል ቲ የተባለች መኪና የዘይት መለኪያ ዘንግ አልነበራትም። ከሞተሯ ግርጌ አንዷ ከፍ፣ አንዷ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ቧንቧዎች ነበሯት። ባለቤቱ ተንበርክኮ ይከፍታቸዋል። የላይኛዋ ካፈሰሰች ሞልቷል፤ የታችኛዋም ካላፈሰሰች ጨምር ማለት ነው። ዛሬም ትናንሽ አውሮፕላኖች የዘይት ማፍሰሻቸው በብዛት እንዲህ ያለ ፈጣን ቧንቧ ነው። የኛም የጭነት መኪና ሹፌሮች ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ከአየር ታንኩ ሥር ጎትተው «ጽስስ» የሚያደርጉትን ያውቁታል፤ ከናፍጣ ፊልትሮው ግርጌ ውሃ የሚያወጡባትንም እንዲሁ። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነጥብ። ባለ እጀታው ቧንቧ ከቡሎኑ ይረዝማል፤ ከኮፓው ሥር ሁለት፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። አስፋልት ብቻ ለሚረግጥ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ስማዳ፣ ወደ ጋይንት ገጠር ለሚወርድ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክረምት ያጠበው መንገድ መሐሉ እንደ በሬ ጀርባ ይወጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ ጥቁር ድንጋይ አፍጥጦ ይጠብቃል። ቡሎን ሲመታ ጭንቅላቱ ይፋቃል እንጂ ይተርፋል። ቧንቧ ሲመታ ከአንገቱ ሊሰበር ይችላል። ከተሰበረ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ ሹፌሩ ቀይ የዘይት መብራት አይቶ ወዲያው ሞተር ካላጠፋ ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ያጣዋል። የአንድ ኮፓ ጥርስ ለማዳን ሞተር መክፈል ኪሳራ ነው።

ስለዚህ የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፤ የማይስማማ ይደውልልኝ። መኪናችሁ ሥር ተኙና ተመልከቱ። ቡሎኑ ወዴት ያያል? ወደ ታች ወይስ ወደ ጎን ወይስ ወደ ኋላ? ከኮፓው ዝቅ ብሎ የሚጠብቀው ብረት አለ? እንደ ኤፍ ኤስ አር ያሉ የአይሱዙ የጭነት መኪኖች ኮፓቸው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ድንጋዩንም የፊት አክስሉ ቀድሞ የሚያገኝላቸው በመሆኑ ለቧንቧ ይመቻሉ። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ከሥር መከለያ ብረታቸው ካልወለቀ ይችላሉ፤ የኛ አገር ሜካኒክ ግን ያንን መከለያ አንዴ ካወለቀው መልሶ ማሰሩን ይረሳል፤ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ቪትዝ፣ ኮሮላና እነሱን የመሳሰሉ ዝቅ ያሉ የቤት መኪኖች ጠጠር መንገድ የሚወጡ ከሆነ ባለ እጀታውን አልመክርም። ግድ ካላችሁ ያ አጭሩ የጀርመን ዓይነት ይሻላል። ባጃጅ? ተዉት። ዘይቷ አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ቡሎኗን በልኩ አጥብቁላት፣ ይበቃታል።

ከሁሉ የሚስማማው ግን ለመኪና እንኳን አይደለም፤ ቆሞ ለሚሠራ ሞተር ነው። የወፍጮ ቤት የናፍጣ ሞተር፣ ጄነሬተር፣ ፎገራ ላይ ሩዝና ሽንኩርት የሚያጠጡባት የውሃ መሳቢያ። መሳቢያዋን አስቧት፤ ቡሎኗ ከመሬት ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም፣ ባለቤቱ ሞተሯን አዘንብሎ ግማሹን ዘይት በእግሩ ላይ ያፈስሰዋል። ከቡሎኑ ቦታ ቧንቧና ቱቦ ቢኖራት ዘይቱ ወደ ጀሪካን ይሄዳል። እዚያ የሚመታው ድንጋይ የለም። ትላልቅ የግንባታ ማሽኖችና ጄነሬተሮች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ቧንቧ አላቸው፤ ሠሪዎቹ ያወቁትን እኛም ብናውቅ ነውር የለውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ልግጠም ላላችሁ። በመጀመሪያ ልኩን። ብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ቡሎናቸው ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ ወደ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ነው። በርካታ ሆንዳና ሂዩንዳይ 14 በ1.5 ናቸው። «የመሰለኝ» የሚባል ልክ የለም። 12 በ1.25 ወደሚለው ቀዳዳ 12 በ1.5 የሆነውን ቧንቧ ብታስገቡት ሁለት ዙር በደኅና ይሄድላችኋል፤ በሦስተኛው ጥርሱን ማረድ ይጀምራል። አሮጌውን ቡሎን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ቁጥሩን ከመኪናው መጽሐፍ ጽፋችሁ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ላኩለት። ዕቃው ከእፍኝ አይበልጥም፣ ሻንጣ አያጣብብም።

የሚገጠመው ዘይት በሚቀየርበት ዕለት ነው። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፉ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ሞተሩን አሥር ደቂቃ አስነሱት። የጉና ተራራ ነፋስ ባደረበት ጠዋት ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፤ ሲሞቅ ነው ዝቃጩን ይዞ የሚወርደው። ከመጠን በላይ የጋለ ዘይት ግን ቆዳ ይልጣልና እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ቡሎኑ ሲወጣ አሮጌዋ ሮንዴላ ከኮፓው ጋር ተጣብቃ ልትቀር ትችላለች፤ ብዙ ሰው አያያትም። በእሷ ላይ አዲስ ሮንዴላ ደርቦ «ቧንቧው ያፈስሳል» ብሎ ዕቃውን የሚረግም ሰው አይቻለሁ። በጥፍራችሁ ዳስሱ፣ አንሷት፣ ፊቱን በጨርቅ ጥረጉ። ቧንቧውን በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው አስገቡት። በእጅ እየገባ ካልሆነ ልኩ አይደለም፤ ቁልፍ እንዳታነሱ። ከዚያ ነሐስ ከብረት እንደሚለሰልስ አስባችሁ ከቡሎኑ ባነሰ ጉልበት ያዙት፦ አንጓ፣ ትንሽ ክርን። ሲጠብቅ እጀታዋ ወዴት እንደ ዞረች ተመልከቱ፤ ወደ ፊት፣ ድንጋይ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ከዞረች ጥሩ አይደለም። ሞተሩን አስነስታችሁ ከሥር እዩ፤ ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም እንደገና እዩ። እጀታዋ ላይ የምትቆለፍ ማቀፊያ ከሌለች በቀጭን ሽቦ እሰሯት። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ የሚያድር መኪና ከሆነ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው፤ የምትዞር ነገር አይቶ የማያዞር ልጅ አላውቅም።

አንድ እውነት አልደብቃችሁም፤ የቧንቧው ቀዳዳ ከቡሎኑ ቀዳዳ ይጠባል። ዘይቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የናፍጣ ሃይሉክስ ወደ 7 ሊትር ዘይት አለው፤ ቡና ተፈልቶ አንደኛው እስኪጠጣ ጠብቁት። ለመዝጋት የቸኮለ ሰው አሮጌውን ከአዲሱ ቀላቅሎ ይሄዳል። ፊልትሮውም ከዘይቱ ጋር አብሮ ይቀየር፤ ቧንቧ ስላስገባን ፊልትሮ መቀየር የቀረልን የሚመስለው ሰው እንዳይኖር።

ስለተቃጠለው ዘይት ትንሽ ልበልና ላብቃ፤ ይህን ሳልናገር ብሄድ ኅሊናዬ አይለቀኝም። መውጫው ላይ ቱቦ የሚሰካበት ጫፍ ያለው ቧንቧ ብትገዙ ላስቲክ ቱቦ ሰክታችሁ ዘይቱን መሬት ሳይነካ ጀሪካን ውስጥ ታስገቡታላችሁ። በልማድ የምናደርገው ምንድን ነው? ጉድጓድ ውስጥ፣ ቦይ ውስጥ፣ ከጋራዡ ጀርባ። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ የማበላሸት አቅም አለው ይባላል። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ፤ በመንገዳቸው ሰውም ከብትም ይጠጣቸዋል። ለምስጥ መከላከያ የአጥር ቋሚ የሚቀቡበትን አውቃለሁ፤ ከጉድጓድ ውሃና ከጓሮ አትክልት አርቁት እንጂ ወንዝ ከመድፋት ይሻላል። በከብት ቁስልና መዥገር ላይ መቀባቱን ግን አቁሙ። በዚያ ዘይት ውስጥ ከሞተር የተፋቀ ብረትና የተቃጠለ ጥላሸት አለ፤ ከብቷ ትልሰዋለች፣ ወተቷን ደግሞ ማን እንደሚጠጣው ታውቃላችሁ። ሜካኒኮችም እጃችሁን በናፍጣ ሳይሆን በሳሙና ታጠቡ።

ያ አይሱዙ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ቡሎኑ ከብዙ ልመና በኋላ ወጣ፤ ግማሽ ጭንቅላቱን መሮ በልቶታል። ሜካኒኩ ጣቱን ወደ ቀዳዳው አስገብቶ ጥርሱን ዙሪያውን ዳሰሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚዳስሰው። «አለ» አለ። «ደኅና ነው።» ሹፌሩ ተንፍሶ ተነሳ። ቧንቧ በእጃቸው አልነበረምና ለጊዜው አዲስ ቡሎንና አዲስ ሮንዴላ ገባ። ቁልፉን የያዘው ሹፌሩ ራሱ ነው፤ ሜካኒኩ ቱቦውን አንስቶ ከመኪናው ማዶ ወረወረው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ባትሪ ውሃ እንነጋገራለን፤ የምንጭ ውሃ ለምን እንደማይሆን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

(መዝጊያ ሙዚቃ)